ንድፉ ሳይጸድቅ ወይስ ዶዘሩ ከገባ በኋላ? የቅርስ ጥበቃ ሪፖርት አማራጮች ሲነጻጸሩ

አዲስ የመንገድ፣ የመስኖ ወይም የኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ ሲታሰብ "የቅርስ ሪፖርት ያስፈልጋል ወይ?" የሚል ጥያቄ ይነሳል። መልሱ ብዙም አያከራክርም፤ ያስፈልጋል። የሚከብደው ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ምን ዓይነት ሪፖርት? በአካባቢ ተፅዕኖ ሰነዱ ውስጥ አምስት ገጽ ምዕራፍ ይበቃል? ራሱን የቻለ ጥናት ይሠራ? ሰነድ አገላብጦ መጻፍ ይቻላል ወይስ ማሳ ለማሳ መሄድ፣ ከዚያም አልፎ መቆፈር ያስፈልጋል? ወይስ "ሥራው ይጀመር፤ ቅርስ ከተገኘ እናሳውቃለን" ብሎ መፈረም ያዋጣል?

እነዚህን አማራጮች ጎን ለጎን አስቀምጬ የትኛው መቼ እንደሚሻል ልናገር። የምጽፈው ለአማካሪ ድርጅት ባለሙያዎች፣ ለወረዳና ለዞን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች፣ እንዲሁም አርኪዮሎጂ ተምረው የመጀመሪያ ሥራቸውን ለያዙ ወጣቶች ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ላስቀምጥ። አንድን የቅርስ ሪፖርት ከሁሉ በላይ የሚያስመዝነው የደረሰበት ጊዜ ነው። ንድፉ ሳይጸድቅ የደረሰ ባለ ሃያ ገጽ ሪፖርት መንገዱን መቶ ሜትር ሊያስጠጋ ይችላል። ኮንትራክተሩ ካምፑን ሠርቶ ማሽኖቹን ካስገባ በኋላ የመጣ ባለ ሦስት መቶ ገጽ ጥራዝ ግን ብዙውን ጊዜ የጠፋውን ከመመዝገብ አያልፍም። ከታች ያለውን ንጽጽር ሁሉ በዚህ ዓይን አንብቡት።

ሕጉ የሚያስገድደው

ሁለት አዋጆች ከጠረጴዛችሁ መጥፋት የለባቸውም። አንደኛው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ነው። አዋጁ "ተፅዕኖ" ለሚለው ቃል በሰጠው ትርጉም ውስጥ አፈርን፣ ውኃንና አየርን ሲዘረዝር የተፈጥሮና የባህል ቅርስንም አብሮ አስገብቷል። ስለዚህ ቅርስን በአካባቢ ጥናት ውስጥ ማካተት የባለሀብቱ በጎ ፈቃድ አይደለም። ሁለተኛው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ነው። በማዕድን ፍለጋ፣ በሕንፃ ሥራ ወይም በመንገድ ቁፋሮ ላይ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ እንዲያሳውቅና ባለሥልጣኑ እስኪረከበው ድረስ ሳይነካ እንዲጠብቅ የሚያዘው ይህ አዋጅ ነው። ባለሥልጣኑ የሚባለው ቀድሞ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን፣ አሁን የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ተብሎ የሚጠራው መሥሪያ ቤት ነው።

የውጭ ብድር ሲኖር ሦስተኛ ሕግ ይጨመራል። የዓለም ባንክ ከጥቅምት 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለው የአካባቢና ማኅበራዊ ማዕቀፍ ስምንተኛው ደረጃ የሚያወራው ስለ ባህላዊ ቅርስ ብቻ ነው። አንድ ነገር በደንብ ያዙ። ይህ ደረጃ በሕግ የተጠበቀ ይሁን አይሁን፣ ከዚህ በፊት የተመዘገበ ይሁን አይሁን ቅርሱን ይመለከታል። "መዝገብ ላይ የለም" የሚለው ማምለጫ እዚህ አይሠራም። የዓለም አቀፉ ፋይናንስ ኮርፖሬሽንም በራሱ ስምንተኛ መመዘኛ ተመሳሳይ ጥያቄ ያቀርባል። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ሳታውቁ የሪፖርት ዓይነት አትምረጡ።

ምዕራፍ ወይስ ራሱን የቻለ ጥናት

በአካባቢ ተፅዕኖ ሰነዱ ውስጥ አንድ ምዕራፍ መያዝ ወጪው ትንሽ ነው። አንድ ቡድን፣ አንድ የመስክ ጉዞ፣ አንድ የማጽደቅ ሂደት። ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ጥቅምም አለው። ምዕራፉ በአካባቢ አስተዳደር ዕቅዱ በኩል የኮንትራክተሩ ውል ውስጥ ሊገባ ይችላል። ለብቻው የተጠረዘ ጥናት ግን መደርደሪያ ላይ ሊቀር ይችላል።

ችግሩ ምዕራፉን ማን ይጽፈዋል የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ አርኪዮሎጂስት አይጠራም። የማኅበራዊና ኢኮኖሚ ጥናት ባለሙያው ቀበሌ ሄዶ "እዚህ ቅርስ አለ?" ይላል። ቀበሌው የሚያውቀው ቤተ ክርስቲያኑን፣ መስጊዱንና የቆየ የባላባት ቤት ካለ እሱን ነው። ማሳ ላይ የተበተነውን ባልጩት ወይም ገል ማንም ቅርስ ብሎ አይቆጥረውም። "የለም" ይባላል፤ "የለም" ተብሎ ይጻፋል። ቀበሌው አልዋሸም፤ ጥያቄው ነው የተሳሳተው።

ስለዚህ ምዕራፉን የምመርጠው ሥራው ትንሽ ሲሆን፣ መሬቱ ቀድሞ በግንባታ የታወከ ሲሆን፣ እና አንድ አርኪዮሎጂስት በስሙ ሲፈርምበት ነው። ሦስቱ ካልተሟሉ ለብቻው ይጠና።

የዓለም ቅርስ ቦታ አጠገብ ግን ምርጫ የለም። የሐውልቶችና የቅርስ ቦታዎች ዓለም አቀፍ ምክር ቤት (ኢኮሞስ) እ.ኤ.አ. በ2011 ለዚህ መመሪያ አውጥቶ ነበር። በ2022 ደግሞ ዩኔስኮ፣ የቅርስ እንክብካቤ ማዕከሉ ኢክሮም፣ ኢኮሞስና የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረቱ አይዩሲኤን በጋራ የተሻለ መመሪያ አሳትመዋል። የመመሪያው ዋና ጥያቄ "ድንጋዩ ይሰበራል ወይ?" ከሚለው ይሰፋል። ቦታው ለዓለም የተመዘገበበት ፋይዳ ይጎዳል ወይ ይላል። በዚህ ጥያቄ ውስጥ ቦታው ከሩቅ የሚታይበት ገጽታ፣ ዙሪያው፣ የውኃው ፍሰት ሁሉ ይገባል። የዓለም ቅርስ ስምምነት የአፈጻጸም መመሪያ አንቀጽ 172ም አገሮች ትልልቅ ሥራዎችን ከመወሰናቸው በፊት ለዓለም ቅርስ ኮሚቴ እንዲያሳውቁ ይጠይቃል።

ይህ ለእኛ የሩቅ ነገር አይደለም። መልካ ቁንጡሬና ባልጪት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ከአዲስ አበባ የሚርቁት 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በዚያ አካባቢ የአሸዋ ማውጫ፣ የአበባ እርሻ ወይም የመጋዘን ግንባታ የያዘ ሰው ከዚህ በኋላ ባለ አምስት ገጽ ምዕራፍ ይዞ ቢመጣ መመለስ አለበት።

ርቀት ደግሞ ያታልላል። የቱርካና ሐይቅ ብሔራዊ ፓርኮች ኬንያ ውስጥ ናቸው። የጊቤ 3 ግድብ የሚገኘው ግን ከሐይቁ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ኦሞ ወንዝ ላይ ነው። ኮሚቴው እ.ኤ.አ. በ2018 ፓርኮቹን አደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ሲያስገባ ከምክንያቶቹ አንዱ ግድቡ በሐይቁ የውኃ ፍሰት ላይ የሚያመጣው ለውጥ ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ ሲሆን የአንድ ፕሮጀክት ጥናት አይበቃም። የተፋሰሱን ሥራዎች በሙሉ አንድ ላይ የሚያይ ስልታዊ ግምገማ ያስፈልጋል።

ምን ያህል ጥልቀት?

ብዙ ብር የሚባክነውም፣ ብዙ ቅርስ የሚጠፋውም እዚህ ላይ ስለሆነ ጊዜ ወስጄ ልናገር።

የሰነድ ጥናት የመጀመሪያው ደረጃ ነው። የቆዩ ካርታዎች፣ የአየር ፎቶዎችና የሳተላይት ምስሎች፣ የምርምር ቡድኖች የጻፏቸው ሪፖርቶች፣ የባለሥልጣኑና የክልሉ መዝገቦች ይታያሉ። ፈጣንና ርካሽ ነው። ሦስት የመንገድ አቅጣጫ ቀርቦ አንዱ መመረጥ ሲኖርበት ከዚህ የተሻለ መሣሪያ የለም። ነገር ግን "እዚህ አለ" ለማለት እንጂ "እዚህ የለም" ለማለት አያስችልም። ለምሳሌ በጉራጌ ያለውን ሶዶን ውሰዱ። ብዙ ሰው የሚያውቀው እ.ኤ.አ. በ1980 የተመዘገበውን የጢያን ትክል ድንጋዮች ነው። ዩኔስኮ ራሱ እንደሚለው ግን ጢያ በሶዶ አካባቢ ከተገኙት ወደ 160 ከሚጠጉ የአርኪዮሎጂ ቦታዎች አንዷ ናት። በዚያ አገር መዝገብ ብቻ አይቶ መንገድ የሚነድፍ ሰው አንዷን አይቶ ሌሎቹን ይስታል።

ሁለተኛው የእግር አሰሳ ነው። ሰዎች ከ10 እስከ 20 ሜትር ተራርቀው በመስመር እየሄዱ መሬቱን ያያሉ። አንድ ብቻ እንድትመርጡ ብትገደዱ ይህን ምረጡ። ከሁሉ በላይ ለገንዘቡ የሚመልሰው እሱ ነው። ሲሠራ ግን ወቅቱ ይታይ። በነሐሴ ወር ደጋ ላይ ብትወጡ የምታዩት ሣርና ሰብል ነው። አዝመራው ተነስቶ ገበሬው ማሳውን ሲያርስ፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ፣ ማረሻው ከስር የነበረውን ወደ ላይ ያወጣዋል። ገሉ፣ የባልጩቱ ስንጥር፣ በአመድ የጠቆረው አፈር ያኔ ይታያል። ጨረታው በክረምት ወጣ ተብሎ አሰሳውም በክረምት ከተሠራ፣ ሪፖርቱ የመሬቱ ገጽ በምን ያህል እንደታየ በግልጽ መናገር አለበት። "ቅርስ አላየንም" እና "መሬቱን አላየንም" በጣም ይለያያሉ።

በአሰሳ ላይ የውኃ መውረጃ ቦዮችን፣ የወንዝ ዳር ገደሎችንና አዲስ የተቆረጡ ዳገቶችን አትለፉ። ከርሰ ምድሩ በነጻ የተቆረጠው እዚያ ነው። መልካ ቁንጡሬን እ.ኤ.አ. በ1963 ያስተዋለው ሰው ኔዘርላንዳዊው ዤራርድ ዴከር የውኃ ባለሙያ ነበር። በፕሮጀክቱ ላይ ያለ ኢንጂነር፣ ቀያሽ፣ የአፈር ናሙና የሚወስድ ቴክኒሻን ሁሉ ዓይን ሊሆናችሁ ይችላል። እረኞችንም ጠይቁ። ጥያቄው ግን "ቅርስ አለ?" አይሁን። "ጥቁር የሚያብለጨልጭ ድንጋይ የምታገኙት የት ነው? ስታርሱ የሚያስቸግራችሁ የተቆለለ ድንጋይ አለ? የጥንት ሰዎች መቃብር የሚባል ቦታስ?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ወዲያው ይቀየራል።

ሦስተኛው የሙከራ ቁፋሮ ነው። አንድ በአንድ ሜትር የሆኑ ጉድጓዶች በተመረጡ ነጥቦች ይቆፈራሉ። ይህ የሚያስፈልገው በሁለት ሁኔታ ነው። አንደኛ፣ አሰሳው ላይ የታየው ነገር ከስር ሥር እንዳለው ወይም ጎርፍ ያመጣው እንደሆነ ማወቅ ስትፈልጉ። ሁለተኛ፣ መሬቱ ደለል ሲሆን። በወንዝ ዳር ሜዳ ላይ አሮጌው ገጽ ከሜትሮች በታች ተቀብሮ ላዩ ንጹሕ መስሎ ይታያል። እንዲህ ባለ ቦታ አሰሳ ብቻውን ምንም አይናገርም። ለቁፋሮ ከባለሥልጣኑ የጽሑፍ ፈቃድ ግድ ስለሆነ ጊዜውን አስቀድማችሁ አስቡት። ይህን ፕሮግራማቸው ውስጥ ያላስገቡ ቡድኖች መጨረሻ ላይ ቁፋሮውን "ለወደፊት ይመከራል" ብለው ይዘሉታል።

ከቁፋሮ በፊት፣ መሬት ሳይነካ የከርሰ ምድሩን የሚያሳዩ የጂኦፊዚክስ መሣሪያዎችም አሉ። አክሱም ላይ የሆነው ጥሩ ማሳያ ነው። ሐውልቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ከሮም ተመልሶ ለመትከል ዝግጅት ሲደረግ አካባቢው በእነዚህ መሣሪያዎች ተጠና። ከሐውልቶቹ መናፈሻ አጠገብ በ1963 በተሠራ የመኪና ማቆሚያ ሥር የመቃብር ክፍሎች መኖራቸው ታወቀ። የምትተክሉት ነገር ከባድ ከሆነና ቦታው ጥንታዊ ከተማ ከሆነ፣ አክሱምም ሆነ ሌላ፣ ይህን ምርመራ እንደ ቅንጦት አትዩት። ድንጋያማ ተራራ ላይ ለሚዘረጋ የኤሌክትሪክ መስመር ግን ገንዘቡን ለእግር አሰሳ አውሉት።

ካርታው ላይ የሌለው ጉዳት

ብዙ ሪፖርት የሚያጠናው የመንገዱን መሐል መስመር ነው። ግራና ቀኝ ሠላሳ ሜትር ይወሰድና ያልቃል። ዶዘሩ ግን እዚያ ብቻ አይውልም። ገረጋንቲ የሚወጣበት ኮረብታ፣ የድንጋይ ካባው፣ ካምፑ፣ ተለዋጭ መንገዱ፣ ትርፍ አፈር የሚደፋበት ሸለቆ አለ። ጉብታና ኮረብታ ደግሞ የጥንት ሰውም ይወደው ነበር። ለዕይታ፣ ለመከላከል፣ ለመቃብር ይመርጠዋል። ከባዱ ጉዳት ብዙ ጊዜ የሚደርሰው እነዚህ ቦታዎች ላይ ነው፤ የሚመረጡት ጥናቱ ከጸደቀ በኋላ፣ ባብዛኛው በኮንትራክተሩ ነው።

ስለዚህ ሁለት ረቂቅ ቀርቦላችሁ አንዱን ብትመርጡ፣ "ማንኛውም የገረጋንቲና የካባ ቦታ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በአርኪዮሎጂስት ይታያል፤ ወጪውም በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ ተይዟል" የሚል ዓረፍተ ነገር ያለበትን ምረጡ። ሌላው ምንም ያህል በፎቶ ቢያምር።

የድንገተኛ ግኝት ሥርዓት፦ ርካሹና ብዙ ጊዜ አላግባብ የሚወሰደው

"ቅርስ ከተገኘ ሥራው ይቆማል፤ ለሚመለከተው ይነገራል።" ይህ ዓረፍተ ነገር በየሰነዱ አለ። የአሰሳ ምትክ ተደርጎ ሲወሰድ ያናድደኛል። የኤክስካቫተር ኦፕሬተር ከፍ ያለ መቀመጫ ላይ ሆኖ በአቧራና በጩኸት መሐል አውራ ጣት የምታህል ባልጩት እንዲያይ ይጠበቃል። ቢያይስ? ማሽን ቆሞ ሲውል ወጪው የኮንትራክተሩ ነው። የሚያሳውቅ ሰው የሚያተርፈው ቁጣ ብቻ ከሆነ ማን ያሳውቃል?

ይህ ሥርዓት የሚጠቅመው ከአሰሳ ጋር ተጨምሮ፣ አሰሳው የሳተውን ሲይዝ ነው። እንዲሠራ ከተፈለገ ሪፖርቱ የሚከተሉትን በስምና በቁጥር ያስቀምጥ። ሥራ የማስቆም ሥልጣን ያለው ማን ነው? ስንት ሜትር ዙሪያ ይታጠራል? ስልክ የሚደወለው ለየትኛው የወረዳ ባለሙያ ነው? አርኪዮሎጂስቱ በስንት ቀን ይደርሳል? ከሁሉም በላይ፣ በቅርስ ምክንያት ለቆመ ማሽን ኮንትራክተሩ የጊዜ ማራዘሚያና ክፍያ ያገኛል የሚል አንቀጽ በውሉ ይግባ። ይህ አንቀጽ ከሌለ ቀሪው ሁሉ ወረቀት ላይ ይቀራል።

አዋጅ 209 ራሱ አንድ ክፍተት አለው። ባለሥልጣኑ ሪፖርት ደርሶት በስድስት ወር ውስጥ እርምጃ ካልወሰደ፣ ያገኘው ሰው ሁኔታውን ለክልሉ መንግሥት በጽሑፍ አስታውቆ ከኃላፊነት ሊወጣ ይችላል። ለገበሬ ይህ ተገቢ ነው። ለመንገድ ሥራ ግን ስድስት ወር ረጅም ነው፤ ኮንትራክተሮችን የሚያስፈራውም እሱ ነው። ሪፖርታችሁ ከባለሥልጣኑና ከክልሉ ጋር አስቀድሞ የተስማማ አጭር የምላሽ ጊዜ ቢይዝ ሁሉም ወገን ይተነፍሳል።

ለሠራተኞቹ የምትሰጡት ሥልጠና ደግሞ በሚሠሩበት ቋንቋ ይሁን። አንድ ገጽ ፎቶ፣ ገል፣ ባልጩት፣ የሰው አጥንትና የተደረደረ ድንጋይ የሚያሳይ፣ ካምፑ በር ላይ ይለጠፍ።

ሪፖርቱ ምን ይምከር?

ጥናቱ ቅርስ አገኘ እንበል። አራት መንገድ አለ። መራቅ፣ በቦታው ቀብሮ ማቆየት፣ ከመጥፋቱ በፊት በሚደረግ የአድን ቁፋሮ ማውጣት፣ ማዛወር። የመጀመሪያው ሁልጊዜ ይቀድማል። ቁፋሮ ራሱ ማጥፋት ነው፤ አንዴ የተቆፈረ ንብርብር አይመለስም።

መራቅ የሚቻለው ግን ሥራው መስመር ሲሆን ነው። የቻድና የካሜሩን የነዳጅ ቧንቧ 1,070 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበረው። በዓለም ባንክ ተሳትፎ የተሠራ ስለነበር አርኪዮሎጂስቶች ከግንባታው በፊትና በግንባታው ወቅት መስመሩን ተከትለው አጥንተዋል። ቧንቧ፣ መንገድ፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ትንሽ ሊሸሽ ይችላል። ግድብ ግን አይሸሽም። ውኃው የሚደርስበት ሁሉ ይሰምጣል።

በግድብ ሥራ ታሪኩ የታወቀ ነው። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ሲሠራ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1960 ዓለምን ጠራ። ከ1964 እስከ 1968 ድረስ የአቡ ሲምበል ቤተ መቅደሶች እየተቆራረጡ 65 ሜትር ያህል ከፍ ወዳለ ቦታ ተዛወሩ። ይህ ሥራ ድንቅ ነው፤ እንደ አርአያ ሲጠቀስ ግን እጠነቀቃለሁ። የብዙ አገሮች ገንዘብና ሃያ ዓመት የፈጀ ዘመቻ ነበር። ለወረዳ መስኖ ግድብ "ይዛወር" ብሎ መጻፍ ወጪና ኃላፊ ካልተያዘለት ባዶ ቃል ነው።

ለእኛ ይበልጥ የሚያስተምረው ጎረቤታችን ሱዳን ውስጥ የተሠራው የመረዌ ግድብ ነው። በአባይ አራተኛው ፏፏቴ አካባቢ ከብዙ አገሮች የመጡ ቡድኖች የአድን ጥናት አካሂደዋል። ከዚያ በፊት እምብዛም የማይታወቅ አገር ታወቀ። ነገር ግን ሊፈናቀሉ የነበሩት የመናሲር ሰዎች ጥናቱን ከግድቡ ለይተው አላዩትም፤ አርኪዮሎጂስቶቹ ከመሬታቸው እንዲወጡ አደረጉ። ለአጥንትና ለድንጋይ ቦታ የሚፈልግ ባለሙያ እየመጣ፣ ለሕያዋኑ ቦታ የሚፈልግ ከሌለ ሰው እንዲህ ማድረጉ አያስደንቅም። ሪፖርታችሁ የአካባቢው ሰው መቃብሩን፣ የጸሎትና የሽምግልና ቦታውን ምን እንዲደረግለት እንደሚፈልግ ካልጠየቀ ጎዶሎ ነው።

ቀብሮ ማቆየትን በተመለከተ አጭር ማስጠንቀቂያ። አሸዋና መለያ ንጣፍ ተነጥፎ በላዩ መሥራት በአንዳንድ ቦታ ያዋጣል። ነገር ግን ክብደቱን ብቻ አታስሉ፤ የሮለሩን ንዝረትና የውኃውን መሄጃም አስሉ። አክሱም ውስጥ "የጡብ ቅስቶች መቃብር" በሚባለው ጥንታዊ መቃብር ውኃ መግባቱ የዓለም ቅርስ ኮሚቴን ያነጋገረ ጉዳይ ነው። ውኃ ከመሬት በላይ ያለው ሥራ ትንሽ ሲቀየር አቅጣጫውን ይለውጣል።

ዓረፍተ ነገሩ ሲመዘን

ሁለት ሪፖርት ይዛችሁ የትኛው እንደሚሻል ለመለየት አንዱን አንቀጽ ብቻ አንብቡ። አንደኛው እንዲህ ይላል፦

"በፕሮጀክቱ አካባቢ የታወቀ ቅርስ የለም። ቢገኝ ተገቢው ጥንቃቄ ይደረጋል።"

ሌላኛው እንዲህ ይላል፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተቀመጡ ናቸው (12+400 ማለት ከመንገዱ መነሻ 12 ኪሎ ሜትር ከ400 ሜትር ማለት ነው)፦

"ከኪሎ ሜትር 12+400 እስከ 12+460፣ ከመሐል መስመሩ በስተግራ 35 ሜትር ላይ፣ 40 በ60 ሜትር ስፋት ያለው የባልጩት መሣሪያና የገል ሥርጭት አለ። በአሰሳው ዕለት ከመሬቱ ግማሽ ያህሉ ይታይ ነበር። መስመሩ ወደ ቀኝ 50 ሜትር ይሽሽ። ካልተቻለ አፈር መቁረጥ ከመጀመሩ በፊት አራት የሙከራ ጉድጓድ ይቆፈር።"

ሁለተኛው ለኢንጂነሩ የሚሠራው ነገር ሰጥቶታል። የመጀመሪያው ለማንም ምንም አልሰጠም።

ስለ ቁጥር ካነሳን አይቀር፣ የጂፒኤሱን ነገር በጥብቅ ልናገር። የአገራችን ባለ 1፡50,000 ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የመለኪያ መነሻ (ዳተም) ነው። ስልካችሁና ጂፒኤሳችሁ ግን ብዙ ጊዜ ደብልዩጂኤስ 84 በሚባለው ሌላ መነሻ ላይ ናቸው። ሁለቱን ሳታስተካክሉ ብትደባልቁ ነጥቡ ወደ 200 ሜትር ገደማ ይንሸራተታል። በሪፖርቱ ላይ "የተጠበቀ" የተባለው ቦታ ባዶ ሜዳ ይሆናል፣ እውነተኛው መቃብር ደግሞ መንገዱ መሐል ይገባል። በየሠንጠረዡ ራስጌ ላይ የትኛውን መነሻና የትኛውን ዞን እንደተጠቀማችሁ ጻፉ።

ሪፖርቱም ሁለት ቅጂ ይኑረው። ለሕዝብ የሚወጣው የቦታዎቹን አጠቃላይ ሁኔታ ይናገር። ትክክለኛው ነጥብ ያለበት ለባለሥልጣኑ፣ ለክልሉ ቢሮና ለተቆጣጣሪው ኢንጂነር ብቻ ይሰጥ። ያልተቆፈረ መቃብር ነጥቡ ለማንም ከተለቀቀ ከዶዘሩ በፊት ሌባ ይደርሳል።

ማን ይሥራው?

አማካሪ ድርጅት ፈጣን ነው፤ የኢንጂነሩን ቋንቋም ያውቃል። ግን የሚከፍለው ባለ ፕሮጀክቱ ነው። የዩኒቨርሲቲ ቡድን ዕውቀቱ ጥልቅ ነው፤ ጊዜው ግን ከትምህርት መርሐ ግብሩ ጋር የተሳሰረ ነው፣ ሪፖርቱም አንዳንዴ ወደ ምርምር ጽሑፍነት ያደላል። እኔ ሲቻል አማካሪው እንዲመራው፣ የመስክ አሰሳውን አካባቢውን የሚያውቅ የዩኒቨርሲቲ ባለሙያ እንዲሠራው፣ የወረዳው የባህል ባለሙያ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን አብሮ እንዲሄድ እመርጣለሁ። ፕሮጀክቱ ካለቀ በኋላ እዚያ የሚቀረው የወረዳው ሰው ነው።

ጊዜውም ገንዘቡም ትንሽ ሲሆን

ብዙዎቻችሁ በእጃችሁ ያለው ጥቂት ሳምንትና ትንሽ በጀት እንደሆነ አውቃለሁ። በዚያ ጊዜ እንዲህ አድርጉ። የሰነድ ጥናቱን አሳጥሩ፤ የመግቢያ ምዕራፍና የአገር ታሪክ አትጻፉ። የተቀረውን ጊዜ ሁሉ ለእግር አሰሳ ስጡ። መስመሩ በሙሉ የማይዳረስ ከሆነ ወንዝ ማቋረጫዎችን፣ ኮረብታዎችን፣ የታሰቡ የገረጋንቲና የካባ ቦታዎችን ቅድሚያ ስጧቸው። ያልተራመዳችሁበትን ክፍል በካርታው ላይ በተለየ ቀለም አሳዩና "አልታየም" በሉ። ከዚያ ዋናውን ሪፖርት ሳትጨርሱ፣ ያገኛችሁትን በሁለት ገጽ ለነዳፊው ኢንጂነር በዚያው ሳምንት ላኩለት። ሙሉው ሰነድ ሁለት ወር ቢዘገይም፣ መስመሩ ግን ያኔ ገና እርሳስ ነውና ይሰረዛል።